አያ አዛናውን ያገዝንበት ቀን

እስካሁን አልተዋጠልኝም። ሰው ሲጠይቀኝ «አዎ፣ ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ትቼ ሌላ ወሬ እጀምራለሁ። ዛሬ ግን ከጀመርኩ አልተውም። አያ አዛናውን ሳታውቋቸው ያደረግነውን ብቻ ብነግራችሁ አይገባችሁም፤ ስለዚህ ከሳቸው ልነሳ።

የዓለምወርቅ እባላለሁ፤ የዋንዛ ምንጭ ቀበሌ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ቀበሌያችን ከገንዳ ውሃ በባጃጅ አንድ ሰዓት ቢርቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ባጃጁም ባለባጃጁም ጭቃ ውስጥ ይቀራሉ። ማን የት እንደሚያርስ፣ የማን ወሰን ከማን እንደሚገጥም የምመዘግበው እኔ ነኝ። «በቀበሌው ከየዓለም በላይ ሕግ የሚያውቅ የለም» ይሉኛል። እኔም አምኜ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ፤ ተረቱ ለኔ የተተረተ ነው።

አያ አዛናው የጋይንት ሰው ናቸው። ወደዚህ ቆላ የወረዱት በሃያ ዓመታቸው ነው፣ እንደ ሌላው ደገኛ ሰሊጥ ሊያጭዱ። «ሁለት ወር ሠርቼ፣ በሬ ገዝቼ እመለሳለሁ» ብለው ነበር ከቤት የወጡት። ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ በሬውም አልተገዛ፣ እሳቸውም አልተመለሱ። በመጡ በሦስተኛው ሳምንት ወባ ጣላቸው። አሠሪው «ይኼስ አይተርፍም» ብሎ ከእርሻው ዳር አንዲት የዕጣን ዛፍ ሥር አስተኛቸውና ወደ አጨዳው ተመለሰ። ሦስት ቀን እዚያው ቆዩ።

«ጥላዋ ስትዞር እኔም እየተንፏቀቅሁ አብሬያት እዞር ነበር» ይላሉ። «እናቴ ብትኖር ከዚያ በላይ አታስታምመኝም።»

በሦስተኛው ቀን ዕጣን የሚያደሙ ሰዎች አገኟቸው፤ ውሃ አጠጧቸው፣ ትንሽ ሲሻላቸው አብረው ይዘዋቸው ሄዱ። ሙያውን የተማሩት ከነሱ ነው። የዕጣን ዛፍ ልጡ ላይ ጥፍር የምታክል ቦታ ብቻ ትላጣለች። ከዚያ ትታችሁ መሄድ ነው። ነጭ ሙጫ ታወጣለች፣ ይደርቃል፣ ተመልሳችሁ ትለቅማላችሁ፣ ቁስሏን ጥቂት ታሰፋላችሁ። የቸኮለ ሰው አንዷን ዛፍ አሥራ አምስት ቦታ ይቦጭቃታል፤ በሦስተኛው ዓመት ትደርቃለች። አያ አዛናው ግን ሁለት ዓመት ያደሟትን ሁለት ዓመት ያሳርፏታል። ያረፈችዋን ዛፍ «አራስ» ነው የሚሏት። ግንዷ ላይ ነጭ ጨርቅ ይቋጥሩባታል፤ ያንን ጨርቅ ያየ ሰው ምላጭ ይዞ አይጠጋትም። ልጃቸው ብሌን ገና ስትድህ ጀምሮ አራሷንና አራስ ያልሆነችውን ለይታ ታውቅ ነበር ይባላል። እናቷ፣ አሰበች የምትባለዋ፣ ልጅቷ አምስት ዓመት ሳይሞላት ሞታለች፤ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው።

መሬት ሲታደል ለአያ አዛናው ከኮረብታው ሥር አሥራ አንድ ሄክታር ደረሳቸው። ያኔ ሁሉም ሰው መጥረቢያ ይዞ ወጣ። እኛ ዘንድ መሬት «ለማ» የሚባለው ጉቶው ተነቅሎ ትራክተር ሲገባበት ነው። ዛፍ የቆመበት ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። አያ አዛናው ግን ከቤታቸው ጓሮ አንዲት ቁራሽ ማሽላ ዘሩና ሌላውን እንዳለ ተዉት። ከኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ሁለት ጊዜ «ካላለሙት እንነጥቅዎታለን» ብለው አስጠነቀቋቸው። ጎረቤታቸው ለይኩን፣ ሃያ ሄክታር ሰሊጥና አንድ ትራክተር ያለው ሰውዬ፣ ባያቸው ቁጥር «የዝንጀሮው ባላባት እንደምን አደሩ!» ይላቸዋል። እሳቸውም «ዜጎቼ ሰላም ብለውሃል» ብለው ይመልሳሉ። ሳቅ ነው። ግን ከዱሩ ሥር የምትወጣው ምንጭ ሚያዝያ ላይ እንኳ ስለማትደርቅ፣ ጀሪካኑን ይዞ እዚያ የሚወርደው ያው ለይኩን ነበር።

ነገሩ ጥር ላይ መጣ። የክልሉ ምክር ቤት ከኛ በላይ ያለውን ጥብቅ ደን በአዋጅ ሊያሰፋው ነው ተባለ። አገሩ ታመሰ። ገንዳ ውሃ የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬን ረቂቁን ላኪልኝ ብዬ ነዘነዝኳት። ገጽ በገጽ በስልኳ እያነሳች በቴሌግራም ላከችልኝ። ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ፤ ሰባት ገጽ ተከፈተልኝ፣ የቀረው ክብ እየሠራ ቀረ። በሰባተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ የደን ሽፋን ያለበት አጎራባች መሬት ሁሉ ወደ ጥብቅ ደኑ ይጠቃለላል፣ በእርሻ ሥር ያለ መሬት ግን አይጠቃለልም።

በቀበሌያችን ደን ያለበት መሬት የማን እንደሆነ መዝገብ ማየት አላስፈለገኝም። የሰሊጥ ጌቶች ዛፉን ጨርሰው ሊተርፉ፣ ጠባቂው ሊነጠቅ! ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ወደ አያ አዛናው ቤት ሮጥኩ።

አባትና ልጅ በር ላይ ዕጣን እየለቀሙ ነበር፤ ነጩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ። ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። አያ አዛናው ማንበብ አይችሉም፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሰሙ።

«ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው።

ብሌን ከመቀመጫዋ ተነሳች። «የቀረው ገጽስ?»

«የቀረውማ ቅጣትና ልዩ ልዩ ድንጋጌ ነው» አልኳት። «የአዋጅ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው።»

«አንድ ቢሆንም እስኪ ይምጣ። ሳናየው ምን እንላለን?»

ተናደድኩ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ሕግ ልታስተምረኝ! «አንቺ ልጅ፣ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ» አልኳት። «ለኪዎቹ መጥተው ችካል ሲተክሉ ገጹ ይከፈትልሻል።»

አያ አዛናው እጃቸውን አንስተው ሁለታችንንም ዝም አሰኙን። «የዓለም፣ ልጄ፣ ወረቀቱን ጨርሰሽ አንብበሽዋል?»

ይህቺን ጥያቄ አልረሳትም። «ዋናውን አንብቤዋለሁ፣ አያ» አልኳቸው።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ።»

ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ቀን ቢሮዬ መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ደቦ ጥሪልኝ» አሉኝ። «ለራሴ አይደለም። እኔ የዛሬ ዓመት አልኖር ይሆናል። ብሌን ባዶ እጇን እንዳትቀር ነው። ሰሊጥም ቢሆን መሬት ይሁናት።»

እኔን ይድፋኝ፣ ደስ አለኝ። ያዳንኳቸው መሰለኝ።

የካቲት አሥራ ሁለት ነበር። አርባ ሁለት ወንድ መጣ። አያ አዛናውን የማይወድ ሰው ስለሌለ፣ አብርሃ ጅራ ከተማ የነበረ ሳይቀር በጭነት መኪና ተሳፍሮ ደረሰ። ለይኩን ትራክተሩን ከነነዳጁ ላከ፤ ራሱም መጥረቢያ ይዞ ወጣ። «ባላባቱ ዛሬ ገበሬ ሊሆኑልን ነው!» እያለ ሲያስቅ ዋለ። ሴቶቹ ጠላና እንጀራ ይዘን መጣን፤ ጎረቤቴ ዘምዘም ለማይጠጡት ብላ በሁለት ጀሪካን ከርከዴ በጥብጣ መጣች። የዕጣን ዛፍ እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ መጥረቢያ አይፈትንም። ገና ፀሐይ ሳትከር ግማሹ ወደቀ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤

«ያያ አዛናውን ዱር መጥረቢያ ገባበት፣
ነገ ሰሊጥ ዘርተው ሲስቁ ልናይበት!»

እኔም እልል አልኩ። አዎ፣ እልል ብያለሁ።

ቀትር ላይ አያ አዛናው እንጨት ሲያስተካክሉ ከቆዩበት ወደኔ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «የዓለም፣ አራሶቹን ብቻ ተዉልኝ በያቸው። ጨርቅ ያለባቸውን። ያልተቆረጡት ከሃያ አይበልጡም።»

«አያ፣ አይሆንም» አልኳቸው። «አንዲት ዛፍ ብትቆም ደን ነው ይሉታል። ነገ የሚያስነጥቅዎ እሷ ናት።»

«ጡት እያጠባች ያለችን እኮ ነው የምታሳርጂኝ።»

«ለብሌን ሲሉ ነው፣ አያ።»

ከዚያ ሄደው ጨርቆቹን አንድ በአንድ ራሳቸው ፈቱና ኪሳቸው ከተቱ። ከኋላቸው መጥረቢያው ተከተለ። ብሌን በዚያ ቀን ወደ ዱሩ አልመጣችም፤ ምንጯ ዳር ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ ዋለች።

አመሻሽ ላይ ኮረብታው ሥር የቆመ ነገር አልነበረም። ትራክተሩ በጉቶው መሀል እየተሽሎከለከ አፈሩን ገለበጠው። ጉቶዎቹ ሁሉ ሙጫ ያወጡ ጀመር፤ በማግሥቱ ተመልሰን ስናይ ነጭ በነጭ ሆነዋል። በአያ አዛናው ዕድሜ ያን ያህል ዕጣን በአንድ ጊዜ ወርዶ አያውቅም። አንዲት ፍሬ አልለቀሙም። የደቦው ዕለት ማታ ግን እያንዳንዱን ሰው እጁን ይዘው «የሚያግዝህ አትጣ» እያሉ መርቀው ሸኙ። ለኔም «የሚያስብልሽ አትጪ» አሉኝ።

መጋቢት ላይ አዋጁ ጸደቀ ተባለ። ሚያዝያ ላይ ለኪዎቹ መጡ፤ ሦስት ናቸው፤ አለቃቸው ሰሎሞን የሚባል ጎልማሳ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሙቀቱ ድንጋይ ያፈነዳል። ቀበሌው ግቢ ዋንዛው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፤ አያ አዛናውና ብሌን ከኋላዬ አግዳሚ ላይ።

ሰሎሞን ታብሌቱን አወጣና አንድ ምስል አሳየን። ከሰማይ የተነሳ ነው፤ ባለፈው ኅዳር። የሰሊጡ መሬት ሁሉ ቡናማ ሆኖ ከኮረብታው ሥር አንዲት አረንጓዴ ቦታ አለች፣ ልክ የአያ አዛናው መሬት ቅርጽ።

«ይኼ የማን ነው?» አለ ፈገግ ብሎ። «በዙሪያው በግለሰብ እጅ ከቀሩት ትልቁ የዕጣን ደን ይኼ ነው። ባለቤቱን ቀድመን ማመስገን እንፈልጋለን።»

ሰሎሞን ሰው ያፈረ መስሎት ቀጠለ። «ስጋት ገብቷችሁ እንደሆነ ሰምተናል። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን ላንብብላችሁ። ወደ ጥብቅ ደኑ በሚጠቃለል መሬት ላይ ደን ጠብቆ የቆየ ባለይዞታ ይዞታው አይነካም። ዕጣኑን፣ ማሩን፣ ሣሩን እንደ ድሮው ይጠቀማል፤ ለልጁም ያወርሳል። ከሱ ፈቃድ ውጭ ሌላ ሰው ገብቶ ዛፍ አያደማም።»

በስመአብ! ጆሮዬ ጭው አለ። ወንበሩ ከሥሬ የከዳኝ መሰለኝ። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ! ክብ እየሠራ የቀረው ገጽ! ዞሬ አያ አዛናውን ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። ከኋላዬ ግን የብሌንን ድምፅ ሰማሁ፤ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፣ «አባዬ» ብቻ አለች። ለይኩን አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ያ ሁሉ ቀልድ የት እንደገባ እንጃ።

ሰሎሞን ግን አሁንም አልገባውም። «እንግዲህ ሄደን እንየዋ» አለና ተነሳ። ሕዝቡ እንደ ቀብር ሸኚ ተከተለው። ከኮረብታው ሥር ሲደርስ ቆመ። ታብሌቱን አየ፣ መሬቱን አየ፣ መልሶ ታብሌቱን አየ። «ቦታውን ስተናል እንዴ?» አለ። ማንም አልሳተም። የተገለበጠ አፈር፣ የደረቀ ሙጫ የተጋገረበት ጉቶ፣ ከዳር የተቆለለ ግንድ። ኮፍያውን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አንዴ መታውና «ምነው? ምነው ሰዎች?» አለ። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ሥራው ሥራ ነው፤ ፊቱ ተለወጠ። አዋጁ ኅዳር ላይ የተነሳውን ምስል ነው መነሻ ያደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ደን የመነጠረ ሰው የመጠቀም መብቱን ያጣል፣ መሬቱም መልሶ እንዲያገግም ተከልሎ ወደ ጥብቅ ደኑ ይገባል። ሰሊጥም የለ፣ ዕጣንም የለ። «ይህ ብቻ አይደለም» አለ፤ «በመመንጠሩ የተሳተፈ ሁሉ ይከሰሳል። ስንት ሰው ነበር? ማን ነው የቆረጠው?»

አርባ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ሁሉም እግሩን ያያል።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ አዛናው።

«አባባ፣ እርስዎ ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«አሥራ አንድ ሄክታር? ብቻዎን?»

«ጊዜ ነበረኝ» አሉ። «ያሳደግሁትም እኔ፣ የቆረጥሁትም እኔ። ከነዚህ ሰዎች አንዱም እጁ የለበትም።»

ወደፊት ወጥቼ «ውሸት ነው! ያስቆረጥኳቸው እኔ ነኝ!» ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ «አይደለም፣ እኔ...» ብያለሁ። አያ አዛናው ዞር አሉብኝ። ባወቅኋቸው ዘጠኝ ዓመት ቁጣ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «ዝም በይ አንቺ! የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ ልጆች አሉሽ። በሽማግሌ ነገር አትግቢ!» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ማን ይሰማኛል ብዬ ነው እንጂ ይኼን አላወራም፤ ዝም ስል ከደረቴ ላይ ሸክም የወረደ መሰለኝ። ቤቴ ስገባ ነው ራሴን የተጸየፍኩት። ሰሎሞንም ያልገባው አይመስለኝም፤ የአርባ ሁለቱን ሰው ፊት አንድ በአንድ አየና «እንግዲያው የእምነት ቃልዎን እንጻፍ» ብቻ አለ።

ጽሑፉ ቢሮዬ ውስጥ ተጻፈ። ሁለት ገጽ ነው። ሌላ ጸሐፊ ስለሌለ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እየተሳሳትኩ ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀየርኩ። አያ አዛናው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ብሌን ከኋላቸው ቆማ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋለች፤ እኔን አንዴም አላየችኝም። ጽፌ ስጨርስ የማኅተሙን ቀለም ከፍቼ አቀረብኩላቸው።

«አያ፣ እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያድርጉልኝ።»

ጣታቸውን አልዘረጉም። ከኪሳቸው አንድ ጭብጥ ነጭ ጨርቅ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ያን ዕለት ከአራሶቹ የፈቱት ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ይዘውት ኖረዋል። ቁጣው ከፊታቸው ጠፍቷል። እንደ ድሮው ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የተናገሩኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬስ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። እያንዳንዷን ቃል፣ ቀኑን፣ ቁጥሩን ሳይቀር። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበብኝ በነጠላዬ እየጠረግሁ አነበብኩ። ስጨርስ «አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ፣ አያ።»

«የቀረ ገጽ የለም?»

«የለም።»

ያን ጊዜ አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ።